«አጠገቡ ካልተቀመጥኩ አንድ ቃል አይጽፍም» ላልሽኝ እናት

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎቹ እንዲገባቸው ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ልጇ 9 አመቱ ነው፣ 3ኛ ክፍል፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረጋ ብሎ የመቀመጥ ችግር) አለበት ተብሏል፣ ከሌሎቹ ጋር እየተማረ በሳምንት ሶስት ቀን ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ ከክፍል ይወጣል። የቤት ስራ የሚሰራው ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ጻፍ፣ ተቀመጥ፣ እርሳሱን አንሳ» ስትለው ብቻ ነው፣ ወጥ ለማማሰል ከተነሳች እሱም መስኮቱ ጋ ነው። አባቱ ደሞ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ይልና ቀበቶ ያነሳል፣ እሷ መሀል ትገባለች፣ ከዛ ጸቡ የባልና ሚስት ይሆናል፣ በደህና ቃል ካወሩ ሁለት ወር ሆናቸው። «ልጄን ላድን ወይስ ትዳሬን?» ነው የምትለው።

በመጀመሪያ ቀበቶው ዛሬውኑ ይቁም፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ልጅሽ ጠግቦ ወይም ንቆ አይደለም እንደዛ የሚሆነው፣ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች «አሁን ምን እየሰራሁ ነው?» ብሎ ራስን የመያዝ አቅም ከእኩዮቻቸው ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ዱላ ያንን አያበስለውም፣ የአባቱ ኮቴ ሲሰማ መደበቅ ነው የሚያስተምረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቤታችሁ ልጁን የማያየው ሰው የለም፣ አንቺ ታይዋለሽ፣ አባቱ ያየዋል፣ ሚሱ በኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ በቀይ እየጻፈች ትልካለች። ራሱን የማያየው እሱ ብቻ ነው! አንቺ ዓይኑ ሆነሽለታል፣ ስትነሺ ዓይኑም አብሮሽ ይነሳል። ባልና ሚስት የምትጣሉትም ማን በደንብ ይጠብቀው በሚለው ነው እንጂ ሁለታችሁም ያላሰባችሁት መጠበቁን ቀስ በቀስ ለልጁ ማስረከብን ነው።

ይሄ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ራስን መከታተል ይባላል፣ አዲስ ነገርም አይደለም። በፈረንጆቹ 1971 አሜሪካ የታተመ ጥናት ላይ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ክፍል ውስጥ ትምህርቷን የምትከታተለው ከጊዜው ሲሶ ያህሉን ብቻ ነበር፣ አንድ ወረቀት ተሰጣት፣ እየተማረች ከሆነ አንድ ምልክት ካልሆነ ሌላ ምልክት እንድታደርግ፣ በቃ፣ በዛ ብቻ ከሶስት አራተኛ በላይ ሆነ። ወረቀቱ ሲቀር ወረደ፣ ሲመለስ ወጣ። ከዛ በኋላ ሀላሃን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ አሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመማር ችግር ላለባቸው ልጆች በቴፕ ድምጽ እያሰሙ «እየተከታተልኩ ነበር?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ አስተምረዋቸዋል። ግን ደሞ ልብ በይ፣ በዛው በ1971ዱ ጥናት ላይ ሌላ ልጅ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ሳይፈቀድለት ያወራ የነበረ፣ ባወራ ቁጥር ወረቀት ላይ ምልክት እንዲያደርግ ተነገረው፣ እሱ ላይ መቁጠሩ መጀመሪያ ረዳ፣ በኋላ ግን ጉልበቱ አለቀ። ወረቀቱ ብቻውን ብዙ አይዘልቅም፣ ከጎኑ የሚያበረታታ ሰው ይፈልጋል።

እቤት እንደዚ አድርጊው። አንድ ነገር ብቻ ምረጪ፣ በዓይን የሚታይ፣ «አርፈህ ተቀመጥ» ሳይሆን «ዓይኔ ደብተሬ ላይ፣ እርሳሴ እጄ ላይ»። መጀመሪያ ራስሽ ተውኚለት፣ ደብተር ላይ ያለች እናት ምን ትመስላለች፣ መስኮት የምታይ እናትስ? እሱ ይፍረድ፣ ይሄን ይወዱታል። ከዛ ስልክሽን በየ3 ደቂቃው ቫይብሬት እንዲያደርግ ሙይው፣ ትንሽ ካርድ ስጪው፣ ባንዘረዘረ ቁጥር ራይት ወይ ኤክስ ያድርግ፣ ማንበቡ ገና ከሆነ የዓይንና የደብተር ስዕል አድርጊበት። አንቺም ሳታሳይው የራስሽን ካርድ ያዢ፣ መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት፣ የሚመሰገነው ራይት ስላበዛ አይደለም፣ ካንቺ ጋ ስለተገጣጠመ ነው። ኤክስ አድርጎ አንቺም ኤክስ ካደረግሽ ያስጨበጭባል!

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ ማስረጃ ይሆናል፣ «ይኸው ራስህ ጽፈሃል አምስት ኤክስ!» ይባላል፣ በነጋታው ልጁ ሁሉንም ራይት ያደርጋል፣ አለቀ። አብሬው የሰራሁ አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ነበር፣ የመጀመሪያ ቀን ግማሹን ሰዓት ጠረጴዛ ስር ሆኖ ካርዱን በራይት ሞላው፣ ምንም አላልኩትም፣ የኔን ካርድ ብቻ አሳየሁት። በሶስተኛው ቀን ስልኩ ሲያንዘረዝር ላጲሱን በጥፍሩ እየፈረፈረ ነበር፣ እጁን አየው፣ ፍርፋሪውን አየው፣ ቀስ ብሎ ትልቅ ኤክስ አደረገና ማንም ሳይናገረው ደብተሩን ወደራሱ ሳበ። ያቺን ኤክስ እስካሁን አልረሳትም።

ሁለት ሳምንት ከሄደ 3ቱን ደቂቃ 5 ከዛ 8 እያደረግሽ አርዝሚው፣ በኋላ ቫይብሬቱን መጨረሻ ላይ ካርዱንም ታነሺዋለሽ። ሚሱንም ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ ለምሳሌ ለሂሳብ፣ ተመሳሳይ ካርድ ዴስኩ ላይ እንድትለጥፍለት ጠይቂያት፣ 40 ምናምን ተማሪ ላላት መምህር ይሄ አይከብዳትም።

አንድ ነገር ግን አጣሪ፣ የሚሰጠው የቤት ስራ ከአቅሙ በላይ እንዳይሆን። ማባዛት ያልገባው ልጅ ራሱን ቢከታተል ማባዛት አይገለጽለትም፣ አለመቻሉን ነው ሲመዘግብ የሚያመሸው። ለ9 አመት ልጅ ሶስት ሰዓት በጣም በዝቷል፣ የድጋፍ መምህሩን አነጋግረሽ እንዲቀነስለት አድርጊ።

ባለቤትሽን ደሞ «ተው» ብቻ አትበይው፣ ስራ ስጪው። ማክሰኞና ሐሙስ ካርድ የሚያስተያየው እሱ ይሁን፣ ደንቡ አንድ ነው፣ «ተገጣጠምን?» ከሚለው ሌላ ቃል የለም። ልጁ አባቱ ፊት ኤክስ አድርጎ ሳይመታ ሲቀር ሁለቱም አዲስ ነገር ያያሉ። ትዳርሽ በዚ ይድናል ብዬ አልዋሽሽም፣ የሁለት ወር ዝምታ የራሱ ንግግር ይፈልጋል፣ ቀበቶው ካልቆመ ግን ሁለታችሁም ባለሙያ ፊት መቅረብ አለባችሁ፣ ይሄን ሳትደብቂ ንገሪው።

ዛሬ ማታ ካርዱን አትጀምሪው። ዛሬ ለማንም ሳትናገሪ ወረቀት ያዢና ከ12 እስከ 3 «ጻፍ» ያልሽውን ቁጠሪ፣ ባልሽ ቁጥር አንድ ጭረት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቁጠሪና ሁለቱንም ቁጥር ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።