ጽጌረዳ፣ መስኮትና አሮጌ ሌንስ፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ጥያቄ የተቀበልነው ቤት ውስጥ አበባ ስለማንሳት ነው። በተለይ ሆን ብለው ምስሉን ስለሚያደበዝዙ፣ ስለሚያሽከረክሩና ጭጋግ ስለሚያለብሱ ሌንሶች። መላሹ እኔ ነኝ። የምሠራው ከአራት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሰሜንና በደቡብ መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስድቡንም ሙገሳውንም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እነዚህ ሌንሶች ከተራው በምን ይለያሉ? ኮምፒውተር ላይ ብለር ብጨምርበት ያው አይደል እንዴ?

መልስ፦ ያው አይደለም። ሌንስ ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚደክሙት በመስታወቱ ጠርዝና በመሃሉ የሚያልፈው ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኝ ነው። ልዩ ሌንሶቹ ይህን እያወቁ ይተዉታል። ሌንስቤቢ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ቬልቬት 56 ውሰድ። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 1.6 ስትከፍተው (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል) ጥርት ያለ ምስል ይሰጥህና በላዩ ላይ የደበዘዘ ሌላ ምስል ይደርብበታል። የጽጌረዳው ጠርዝ አለ፣ ግን ያበራል። ወደ ኤፍ 5.6 ስትዘጋው ጭጋጉ ይጠፋና እንደ ማንኛውም ሌንስ ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ቀለበት በማዞር ብቻ የጭጋጉን መጠን ትመርጣለህ። ኮምፒውተር ላይ የሚጨመረው ብለር የትኛው ቅጠል ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ በግምት ነው የሚያውቀው። በጽጌረዳ መሃል፣ ቅጠል በቅጠል ላይ በተጠቀለለበት ቦታ፣ ግምቱ ወዲያው ያስነቃል።

ጥያቄ፦ በጀቴ ትንሽ ነው። አንድ ብቻ ግዛ ብትለኝ የቱን ትለኛለህ?

መልስ፦ ሄሊዮስ 44-2። የሶቭየት ሌንስ ነው፤ 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2። ዜኒት ከሚባለው ካሜራ ጋር በብዛት ስለተሠራ በዓለም ላይ ሞልቷል። ንድፉ ከጀርመኑ ዛይስ ባዮታር የተወሰደ ነው። እና ከመግዛትህ በፊት አባትህን ወይም አጎትህን ጠይቅ። በደርግ ዘመን ፎቶ ይወድ የነበረ ሰው ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጣ ዜኒት ቢገኝ አይገርመኝም። ካሜራው ባይሠራም ሌንሱ ተፈቶ ይወጣል፤ የሚታሰረው በጥርስ ነው፣ እንደ ብሎን።

አዳፕተር፣ ማለትም ሌንሱን ከካሜራው ጋር የሚያገናኝ ቀለበት፣ ያስፈልግሃል። ሚረርለስ (ውስጡ የሚነሳ መስታወት የሌለው) ካሜራ ካለህ ምንም ችግር የለም፤ ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰርና በሌንሱ መካከል ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ አብዛኛው አሮጌ ሌንስ ይገጥማል። ካኖን ዲኤስኤልአር (ውስጡ የሚነሳ መስታወት ያለው ካሜራ) ላይም በስስ ቀለበት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ኒኮን ዲኤስኤልአር ነው ያለኝ። «ሄሊዮስ በኒኮን ላይ ሩቅ አያይም» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ኒኮን በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል 46.5 ሚሊሜትር አለው፤ ሄሊዮስ የሚፈልገው 45.46 ነው። አንዲቷ ሚሊሜትር ሩቁን ትከለክልሃለች። ግን አንቺ የምታነሺው ጠረጴዛ ላይ ያለ አበባ ነው። እንጦጦን ለማንሳት ካልሆነ ምን ገዶሽ? መስታወት ያለበትን አዳፕተር አትግዢ፤ ጥራት ይቀንሳል። ባዶውን ቀለበት ግዢ።

ጥያቄ፦ ሄሊዮስ ገዛሁ፣ ኤፍ 2 ላይ አነሳሁ፣ ያ የሚሽከረከረው ዳራ ግን አልመጣም። ተታለልኩ እንዴ?

መልስ፦ አልተታለልክም። ከሁሉም በላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሽክርክሪቱ የሚመጣው ከምስሉ ጠርዝ ነው። ብርሃን በሰያፍ ሲገባ የሌንሱ በርሜል ከፊሉን ይጋርደዋል። ስለዚህ መሃል ላይ ክብ የሆነው ብዥታ ጠርዝ ላይ የዓይን ቅርጽ ይይዛል፤ እነዚያ ዓይኖች መሃሉን ከበው ሲደረደሩ የሚሽከረከር ይመስላል። ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። ሴንሰርህ ትንሹ ዓይነት ከሆነ ጠርዙ ይቆረጣል፤ ሽክርክሪቱም አብሮ ይቆረጣል። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 ብትዘጋው ይጠፋል። ደግሞም ዳራህ ባዶ ግድግዳ ከሆነ የሚሽከረከር ነገር የለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ሦስተኛውን ነው። አበባውን ያሳምራል፣ ሌንሱን ይመርጣል፣ ከኋላ ነጭ ግድግዳ ይተዋል። እኔ በተቃራኒው ነው የምሄደው። መጀመሪያ ከኋላ ምን እንደሚሆን እወስናለሁ፣ ከዚያ ሌንሱን፣ አበባው መጨረሻ ነው። ምክንያቱም እነዚህ ሌንሶች ብልሃታቸውን የሚያሳዩት ከአበባው ጀርባ ነው።

ለሄሊዮስ የምጠቀመው ቄጠማ ነው። ለቡና የሚጎዘጎዘው ያው ቄጠማ። አንድ እስር ገዝቼ ከአበባው ሁለት ሜትር ያህል ኋላ፣ ብርሃን በመካከሉ እንዲያልፍ ላላ አድርጌ መጋረጃ ማንጠልጠያ ላይ አሰቅለዋለሁ። ጨለማና ብርሃን የተፈራረቀበት ዳራ ሲያገኝ ሄሊዮስ ያብዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። 44-2 ከግማሽ ሜትር በታች አይቀርብም፣ ስለዚህ ጽጌረዳዋ ታንሳለች። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት፣ ኤክስቴንሽን ቲዩብ፣ ይፈታዋል፤ ግን ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ያለውን ቀጭኑን። ወፍራሙ አበባውን ቢያቀርብም የሌንሱን መሃል ብቻ ስለሚያስጠቅም ሽክርክሪቱን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ይህ የሽክርክሪት ነገር የሶቭየቶች ፈጠራ ነው?

መልስ፦ ኧረ በጣም ይቀድማል። ጆዜፍ ፔትስቫል እ.ኤ.አ. በ1840 ቪየና ላይ ለሰው ፎቶ የነደፈው ሌንስ መሃሉ ጥርት፣ ጠርዙ ሽክርክር ያለ ነበር። ሎሞግራፊ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 በናስ በርሜል መልሶ አወጣው። ያምራል። ዋጋው ግን ከሄሊዮስ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ እንደ ሳሙና አረፋ ክብ ክብ የሚሉ ብርሃኖች ከአበባው ጀርባ የሚታዩባቸው ፎቶዎች አሉ። ቤት ውስጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እንዲያውም ቤት ውስጥ ይቀላል። የዚህ ታዋቂው ሌንስ ትሪዮፕላን 100 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ነው፤ ሦስት መስታወት ብቻ ያለው የጀርመን ሌንስ። የብዥታው ክብ ጠርዝ ከመሃሉ ይልቅ ስለሚያበራ አረፋ ይመስላል። ውድ ነው። ግን ሦስት መስታወት ያላቸው ሌሎች አሮጌ ሌንሶችም፣ የስላይድ ፕሮጀክተር ሌንሶች ጭምር፣ ተመሳሳይ ነገር ሊሰጡ ይችላሉ።

አረፋው እንዲመጣ ግን ከኋላ ትናንሽ የብርሃን ነጥቦች ያስፈልጋሉ። ኩሽና ውስጥ ያለውን የአሉሚኒየም ፎይል ጨምድደህ መልሰህ ዘርጋው። ከአበባው አንድ ሜትር ተኩል ኋላ አስቀምጠውና በስልክህ ባትሪ ከጎን አብራበት። እያንዳንዱ ጭምዳድ አንድ አረፋ ይሆናል። ለገና የሚሰቀሉት ትናንሽ መብራቶችም ይሆናሉ፣ ግን በጣም እኩል ስለሆኑ እኔን ይሰለቹኛል።

ጥያቄ፦ የፎቶ ትምህርት ላይ ሁሌ «የሰሜን መስኮት ተጠቀሙ» ይላሉ። የእኔ ሰሜን መስኮት በግንቦት ፀሐይ ይገባበታል! ምን ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አንቺ አልተሳሳትሽም። ምክሩ የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ለስላሳው ብርሃን በደቡብ መስኮት ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት በሰሜኑ። ክረምት ሲገባ ደመናው ራሱ ትልቅ መጋረጃ ስለሚሆን የትኛውም መስኮት ያስኬዳል፤ ለእኔ ከሐምሌ የተሻለ የአበባ ወር የለም፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ ማድረግን ካልፈራሽ።

ፀሐይ በቀጥታ ስትገባ ነጠላ ዘርጊበት። ፈትሉ ስስ ስለሆነ ብርሃኑን በደንብ ይበትነዋል፣ ቀለሙንም ብዙ አይለውጥም። ጥለቱ ግን ከመስኮቱ ውጭ ይሁን፣ አለዚያ አበባሽ ላይ ቀለም ይጥላል። ሆን ብለሽ ጥለቱን ዳራ ማድረግም ትችያለሽ። በቬልቬት ሲደበዝዝ ቆንጆ የቀለም ጭረት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ማታ በኤልኢዲ አምፖል ሳነሳ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይመጣሉ።

መልስ፦ መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን (ሴንሰሩ ለብርሃን የሚከፈትበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርገው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሻማ አትሞክር፤ ተኛ።

ጥያቄ፦ ሌንስቤቢ ከውጭ በሰው መጣልኝ። ካሜራዬ ግን ጭራሽ አያነሳም። ፎከስ ማድረግም አቃተኝ።

መልስ፦ ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበት ኤሌክትሪክ ስለሌለው ካሜራህ «ሌንስ አልተገጠመም» ብሎ ነው የሚያስበው። ሜኑ ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅድ ምርጫ አለ፤ እሱን ክፈት። ካሜራህ ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚከላከል ሲስተም ካለ፣ የሌንሱን ሚሊሜትር በእጅህ አስገባለት።

ፎከሱን በስክሪኑ ላይ አጉላና እይ። ቬልቬት ላይ አንድ ተንኮል አለ፤ አፐርቸሩን ስትቀይር የፎከሱ ቦታ ትንሽ ይንሸራተታል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታነሳበትን አፐርቸር ምረጥ፣ ከዚያ ፎከስ አድርግ። በጣም ስትቀርብ ደግሞ ቀለበቱን ተወውና ራስህን ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅስ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ካደረግክ የአበባ ማስቀመጫውን ግፋ።

ጥያቄ፦ ሌንሱን ፈትቶ በእጅ ይዞ ማንሳትስ?

መልስ፦ ይሠራል፣ ውጤቱም ያስደስታል። መስኮት ዝጋ፣ ቤት ከተጠረገ በኋላ ብዙ ቆይተህ ጀምር። በዚህ ከተማ አቧራ ሴንሰር ክፍት መተው የሚያስፈራኝ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የለኝም። ከካሜራው ጋር የመጣው ኪት ሌንስ ብቻ ነው ያለኝ። አልጫወት ማለት ነው?

መልስ፦ ተጫወቺ እንጂ! ሌንስ ፊት ላይ የሚታሰር አሮጌ ዩቪ ፊልተር ፈልጊ። ጠርዙን ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቢው፣ መሃሉን የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ንጹሕ ተዪው። ጣትሽን የምታንቀሳቅሺበት አቅጣጫ የብዥታውን መልክ ይቀይረዋል። ፊልተሩ ላይ ብቻ ነው፣ ሌንሱ ላይ በፍጹም። ሲበቃሽ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይለቃል። ለመቅረብ ደግሞ ክሎዝአፕ ፊልተር ርካሽ ነው። ፕላስ 4 የሚለው፣ ሌንስሽ ሩቅ ላይ ፎከስ አድርጎ ሳለ፣ 25 ሳንቲሜትር ላይ ያለውን አበባ ጥርት አድርጎ ያሳይሻል።

ጥያቄ፦ በስልክስ?

መልስ፦ ስልኩ ላይ በክሊፕ የሚያዘው የማክሮ (ከቅርብ ማንሻ) ሌንስ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ድረስ መቅረብ አለብህ፣ ጥላህን ተጠንቀቅ። ዳራውን በሶፍትዌር የሚያደበዝዘው ፖርትሬት ሞድ ግን የአበባ ጠርዝ ይቆርጣል። ተወው።

ጥያቄ፦ የትኛው አበባ ለእነዚህ ሌንሶች ይመቻል? ሁሌ ጽጌረዳ ሰለቸኝ።

መልስ፦ ጽጌረዳ የሚሰለቸው ገዝተሽ በዚያው ቀን ስለምታነሺው ይሆናል። መንገድ ዳር የምናገኘው በብዛት ከሆለታ፣ ከቢሾፍቱ ወይም ከዝዋይ አካባቢ ግሪንሃውስ የመጣ ነው፤ ለረጅም ጉዞ ተብሎ የተመረጠ ዝርያ። ጥብቅ ብሎ ይቆማል፣ ገጽታ የለውም። ግንዱን በሰያፍ ቆርጠሽ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቀን ተዪው። ውጪኛው ቅጠል ሲገለበጥና ጠርዙ ትንሽ መድረቅ ሲጀምር፣ ያኔ ነው የቬልቬት ሥራ። እኔ ሊጣል አንድ ቀን የቀረውን ጽጌረዳ ከአዲሱ እመርጣለሁ።

አደይ አበባ ሌላ ዓለም ነው። መስከረም ላይ ልጆቹ «አበባየሆሽ» ሲሉ የሚሰጡሽን ቄጠማና አደይ አትጣዪው። ቶሎ ስለሚጠወልግ ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቺው፤ በዚያው ቀን አንሺው። አጋላጩን (ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ቀንሺ። ቢጫው ቅጠል ላይ ቀይና አረንጓዴ ቻናሉ ቀድሞ ስለሚሞላ የቅጠሉ መስመር ይጠፋል፤ አጠቃላዩ ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ደህና ቢመስልም የቀለሞቹን ለየብቻ እዪ። በቀይ ጽጌረዳም ያው ነው። ጭጋግ የሚጨምር ሌንስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ለደንበኛ ሳሳይ «ደብዝዟል፣ እንደገና አንሳ» ይለኛል።

መልስ፦ አንዳንዴ ልክ ነው። እነዚህ ሌንሶች ፎከስ ለሳተ ሰው መደበቂያ አይሆኑም። የሰው ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል፤ የአንዲት ቅጠል ጠርዝ፣ አንድ ጠብታ፣ የዘር ዘንጉ ጫፍ። እሱ ጥርት ካለ ቀሪው ቢፈስም ደንበኛው ሆን ተብሎ መደረጉን ያያል። ከሌለ እኔም አብሬው «ደብዝዟል» ነው የምለው። ለሠርግ አዳራሽ ዲኮር ለሚያሠራ ሰው ግን ሁሌ አንድ ንጹሕ ምስል በተራ ሌንስ ያዝለት። የከፈለው አበባውን ለማየት ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሌንስ ሱቅ ውስጥ ሳገኝ ምን ልይ?

መልስ፦ የስልክሽን ባትሪ አብርተሽ ከኋላ በኩል በመስታወቱ አሳልፊ። አቧራ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየሽ ፈንገስ ነው፤ እርጥብ ቦታ የተቀመጠ ሌንስ ላይ ይወጣል። ትንሽ ከሆነ ዋጋ መቀነሻ ነው፣ ብዙ ከሆነ ተዪው። ከዚያ ሁለቱን ቀለበት አዙሪ። የሄሊዮስ ፎከስ ቅባቱ ደርቆ ከጠነከረ ባለሙያ ያጸዳዋል፤ ግን የአፐርቸሩ ምላጮች ላይ ዘይት ካየሽ ወደኋላ በይ። ሻጩ «ይሄን ሁሉ ምርመራ ለምን?» ብሎ ከተቆጣ ደግሞ ሌላ ሱቅ አለ።