ከጅማ ሊወጡ ለተነሱ፦ ስለ ቋንቋ ፈተና፣ ቪዛና «መዋሃድ» ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼም ወላጆቻቸውም ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጀርመን ነው የሚሠራው። ቋንቋ ካልቻልሽ ቪዛ አይሰጡሽም አሉኝ፣ እውነት ነው?

አዎ እህቴ፣ ከ2007 ጀምሮ ለትዳር ጓደኛ ቪዛ ኤ 1 የሚባለው የጀርመንኛ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ይጠየቃል። ከ100 60 ካመጣሽ አለፍሽ። በንግግሩ ክፍል ስምሽን፣ ዕድሜሽን፣ አገርሽንና ሥራሽን ትናገሪያለሽ። ከዚያ ፈታኙ አንድ ቃል ፊደል በፊደል ጥሪልኝ ይልሻል፣ ስልክ ቁጥርም ይጠይቅሻል። ብዙው ሰው የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። በቁቤ የተማራችሁ ፊደሉን ታውቁታላችሁ፣ አጠራሩ ግን ሌላ ነው። ጅማን ስትጠሪ «ዮት፣ ኢ፣ ኤም፣ ኤም፣ አ» ነው የምትይው። ስልክ ቁጥርሽን አንድ በአንድ ጥሪው፣ ሁለት ሁለት አታድርጊው፣ ምክንያቱም ጀርመኖች 21ን «አንድና ሃያ» ነው የሚሉት።

ጥያቄ፦ ይሄ ሕግ ለሁሉም ነው?

አይደለም፣ ፖለቲካው ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሲወጣ የግዳጅ ጋብቻን ለመከላከልና ሰው ቶሎ ከኅብረተሰቡ እንዲዋሃድ ነው ተባለ። ነገር ግን እዚያ ያለው ባልሽ የአሜሪካ፣ የጃፓን ወይም የአውስትራሊያ ዜጋ ከሆነ አይመለከትሽም። ባልሽ ብሉ ካርድ፣ ማለትም ለተማሩ ባለሙያዎች የሚሰጠው የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ፣ ያለው ከሆነም ነፃ ነሽ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ያለ ቋንቋ መዋሃድ አይቻልም ከተባለ የጃፓናዊ ሚስትም የኢትዮጵያዊ ሚስትም እኩል መጠየቅ ነበረባቸው። በ2012 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ትንሽ አለዘበው፦ ባል ወይም ሚስቱ የጀርመን ዜጋ የሆነ ሰው አንድ ዓመት ከልቡ ሞክሮ ካልሆነለት መከልከል የለበትም አለ። ቋንቋውን ግን ተማሪ፣ ሐኪም ቤት ስትሄጂ የሚያድንሽ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አሜሪካ 16 ዓመት በግሪን ካርድ ኖራለች፣ 61 ዓመቷ ነው። አሁን ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ሆነ ሲባል ዜግነቱን ፈራችው።

አትፍራ በላት። ትራምፕ በ2025 እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገ ትዕዛዝ ፈርመዋል። የዜግነቱ ፈተና ግን ድሮም እንግሊዝኛ ነበረበት፣ ድሮም ለአዛውንት ቀዳዳ ነበረው። 55 ዓመት ሞልቶት በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው እንግሊዝኛው ይቀርለታል። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአስተርጓሚ ይመልሳል። 50 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረም እንደዚሁ። ጥያቄዎቹን አሁኑኑ በአማርኛ ታጥና።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እዚያው አሜሪካ ነው። ልጆቹ ቶሎ እንዲለምዱ ብሎ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ያወራቸዋል። ልክ ነው?

በፍጹም ልክ አይደለም! እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤትና ከጓደኛ በራሳቸው ይለቅሙታል፣ የሚጠፋባቸው የቤቱ ነው። እስቲ ጅማ መርካቶ ግቢ። ባለሱቁ አንዱን ደንበኛ በኦሮምኛ ይሸኛል፣ ሌላውን በአማርኛ ይቀበላል፣ ከጎረቤቱ ጋር በጉራጊኛ ወይም በዳውርኛ ይጫወታል። አንዱን ቋንቋ ለማወቅ ሌላውን የጣለ የለም። ፖለቲከኞች መዋሃድ ማለት የራስን መተው ነው ሲሉ እኛ ማመን የለብንም። ወንድምሽ ዛሬውኑ ይጀምር። እራት ላይ በአማርኛ ያውራቸው፣ በእንግሊዝኛ ቢመልሱለትም አይቆጣ፣ እሱ ብቻ በአማርኛ ይቀጥል። ለአያታቸው ሲደውል ደግሞ ስልኩን ይስጣቸውና አጠገባቸው ቆሞ አይተርጉም።