በጾም ቀን የገዛሁት ዳቦ የወተት ነገር አለበት፤ ጾሜን ገድፌአለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፥ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። አሜሪካ ከመጣሁ 7 ወሬ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሥራ መልስ የምበላው የታሸገ ዳቦና ሻይ ላይ የማደርገው «ነን ዴይሪ» (ወተት የሌለበት) የሚል ክሬመር፥ ማለትም የወተት ምትክ፥ የጾም መስሎኝ ኖሬአለሁ። ሰሞኑን አንዲት እኅት አንብባ ሁለቱም የወተት ነገር እንዳለባቸው ነገረችኝ። ጾሜን ገድፌአለሁ? ቅዱስ ጳውሎስ «በገበያ የሚሸጠውን ሳትመረምሩ ብሉ» ብሎ የለም? ምን እየገዛሁ ልጹም?

መልስ፦ እኅታችን፥ ጾም የሚገድፈው አውቆ የበላ ነው፤ አንቺ የጾም መስሎሽ በልተሻልና አትጨነቂ። ለንስሐ አባትሽ ግን ንገሪያቸው። ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ደግሞ «ትንሽ ናት» እያልሽ መቀጠል አይገባም።

የሐዋርያው ቃል (1ኛ ቆሮ. 10፥25) የተነገረው በቆሮንቶስ ገበያ የሚሸጠው ሥጋ ለጣዖት የተሠዋ ይሆን ብለው ኅሊናቸው ለሚወቅሳቸው ምእመናን ነው፤ ስለ ጾም አይደለም። ለአንቺ የሚቀርበው ነቢዩ ዳንኤል ነው። በባቢሎን፥ በሰው አገር ሳለ፥ በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ ቆርጦ ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እየሰጠ 10 ቀን እንዲፈትነው ጠባቂውን በትሕትና ለመነ (ዳን. 1)። በግሮሰሪ መደርደሪያ ፊት ቆመሽ ማንበብሽ፥ ሻጩን መጠየቅሽም የዚያ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። በአሜሪካ ሕግ ወተት ወይም እንቁላል የገባበት የታሸገ ምግብ ያንኑ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቅመሞቹ ዝርዝር በታች «ኮንቴይንስ፡ ሚልክ፥ ኤግ» (ወተት፥ እንቁላል አለበት) ተብሎ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ እሱን ፈልጊ። ከሌለ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ የሚጻፈው ከብዛት ወደ ማነስ ስለሆነ የዳቦው የወተት ዱቄት ወይም «ዌይ»፥ ማለትም የአጓት ዱቄት፥ ከታች ተደብቆ ይገኛል። ያንቺ ክሬመር «ነን ዴይሪ» ቢልም «ሶዲየም ኬሲኔት» ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፥ በቅንፍም «ሚልክ ዴሪቫቲቭ» ይሉታል። «ላክቶስ ፍሪ» የሚለውም ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር የተፈታበት እውነተኛ የላም ወተት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

ሆኖም «ኮንቴይንስ» የሚለው መስመር ለአለርጂ የተጻፈ ነውና ስለ ወተትና እንቁላል እንጂ ስለ ሥጋና ስለ ስብ አይነግርሽም። ጄላቲን ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ማርሽማሎው በሚባለው ለስላሳ ከረሜላ ውስጥ፥ ስኳር በተቀባ አንዳንድ የቁርስ ሲሪያልም ውስጥ አለ። የተፈጨው የቆርቆሮ ባቄላ፥ «ሪፍራይድ ቢንስ» የሚሉት፥ «ላርድ» የተባለ የአሳማ ስብ ሊኖርበት ይችላል። ባቄላ ነውና ጾም ነው ብሎ የሚገዛው ብዙ ነው! «ቬጂቴሪያን» የሚለው ጽሑፍ ከሥጋና ከስብ ያድንሻል እንጂ ከወተትና ከእንቁላል አያድንሽም። ለዚያ የሚረዳሽ «ቪጋን»፥ ማለትም ከእንስሳ የተገኘ ነገር የሌለበት፥ የሚለው ነው።

በተቃራኒው ስሙ ብቻ የሚያስደነግጥም አለ። «ኮኮዋ በተር» የካካዎ ቅባት ነው፤ «ክሪም ኦቭ ታርታር» ከወይን የሚገኝ ነው፤ የኦቾሎኒ ቅቤና የኮኮናት ወተትም ወተት የለባቸውም። «ሜይ ኮንቴይን ሚልክ» ሲል ደግሞ በዚያው ማሽን ወተት ያለበት ነገር ስለሚሠራ ብናኝ ሊደርስበት ይችላል ማለቱ ነው፥ ለአለርጂ ሕመምተኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ። ሆን ተብሎ ወተት ያልተጨመረበትን በዚህ ምክንያት መተው አይጠበቅብሽም።

ቁርስን በተመለከተ፥ ረቡዕና ዓርብ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት) ይጾማል፤ ሥራሽ ከባድ ከሆነ ወይም ብትታመሚ ሰዓቱን በራስሽ አትቀንሺ፥ ንስሐ አባትሽን አማክሪ። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁርስ ይበላል፥ ምግቡ ግን የጾም ነው። ለእነዚያ ጠዋቶች ቀላሉ አጃ ነው፦ 1 ኩባያ ተራ አጃ በ2 ኩባያ ውኃ፥ 5 ደቂቃ እያማሰልሽ። ጣዕም የተጨመረበትን ፓኬት ግን አንብቢ፤ «ክሪም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ወተት አለባቸው። «ኮምፕሊት» የተባለ የፓንኬክ ዱቄትም ብዙውን ጊዜ የደረቀ ወተትና እንቁላል ይዟል። በሻይሽ ላይ የአጃ ወተት አድርጊ። የአኩሪ አተር ወተት በትኩስ ቡና ላይ በቀጥታ ሲፈስ ከሙቀቱና ከቡናው አሲድ የተነሣ ይቋጠራል፤ ወተቱን አሙቀሽ ቡናውን በላዩ ጨምሪበት።

ስለ ቪጋን አይብና ሥጋ መሰል ምግብ አልጠየቅሽም፥ ግን ሳይነሣ ማለፍ የለበትም። ቅመሙ የእንስሳ ነገር ከሌለበት ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ሰውነታችን እንዲተወው የታዘዝነውን ጣዕም በየዕለቱ በምትኩ ብናቀርብለት ምን እንዳስተውነው ያጠያይቃል። ባለ 2 ዶላሩ ምስር ይበልጣል፤ የተረፈውን ገንዘብም ለተቸገረ ስጪው።

መልካም ያገኘሻቸውን የ10 ወይም የ12 ዕቃ ስም በስልክሽ ጽፈሽ ያዢ፥ በየሳምንቱ መርምሪ አይባልም። ፋብሪካዎች ቅመም ስለሚለውጡ ግን አጽዋማት ሲገቡ ድጋሚ አንብቢያቸው። በዳቦ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሳይታሸግ የሚሸጠው ዝርዝር ላይኖረው ይችላል፤ ቅቤ ወይም ወተት ገብቶበት እንደሆነ ጋጋሪውን ጠይቂ፥ ካላወቀ ሌላ ግዢ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።