ጎርጎርዮስን «ታላቁ» ያሰኘው ማን ነው?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ሥራ በጀመራችሁ በዓመት በሁለት ዓመቱ «ማንም አላወቀኝም» ብላችሁ ስትብሰለሰሉ ሳይ አንጀቴን ትበሉታላችሁ። ስለዚህ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ከ590 እስከ 604 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሮም ጳጳስ የነበረውን ታላቁን ጎርጎርዮስ።

መንበሩ ላይ የወጣው በክፉ ጊዜ ነው። ቲበር ወንዝ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር፤ ተከትሎ የገባው ወረርሽኝም ከእሱ በፊት የነበረውን ጳጳስ ፔላጊዮስን ገደለ። ሎምባርዶች የተባሉ የጀርመን ነገዶች ደግሞ ጣሊያንን እየወረሩ ነው። ከደብዳቤዎቹ 850 ያህሉ ደርሰውናል፤ እኔን ከስብከቶቹ ይበልጥ የሚይዙኝ እነሱ ናቸው። በሲሲሊ የቤተ ክርስቲያኑን ርስት ያስተዳድር ለነበረው ለንፍቀ ዲያቆን ጴጥሮስ ሲጽፍ፣ የገበሬው እህል ከልክ ባለፈ መስፈሪያ እንዳይሰፈር ያዘዋል። በሌላ ደብዳቤ ደግሞ ይገሥጸዋል፦ የላክህልኝ አንድ የማይረባ ፈረስና አምስት ደህና አህዮች ነው፤ ፈረሱ ስለማይረባ አልቀመጠውም፣ አህዮቹንም አህያ ስለሆኑ አልቀመጣቸውም። የአንድ ትልቅ ከተማ ረሃብ ጫንቃው ላይ ያለ ሰው እስከዚህ ድረስ ዝርዝር ይከታተል ነበር።

ታዲያ ሮም ምን አለችው? ሲሞት ረሃብ ገባ። ቆየት ብሎ የተጻፈ ታሪክ እንደሚለው ሕዝቡ «ሀብታችንን የበተነው እሱ ነው» ብሎ መጻሕፍቱን ሊያቃጥል ተነሥቶ ነበር። የጳጳሳቱ የታሪክ መዝገብም ስለ እሱ የጻፈው ጥቂት መስመር ነው።

ገድሉን መጀመሪያ የጻፉለት እግሩ ያልረገጠው አገር ሰዎች ናቸው። አውግስጢኖስ የተባለ መነኩሴ (ከሂፖው አውግስጢኖስ ጋር እንዳታምታቱት) ከ40 ያህል ባልንጀሮቹ ጋር ጎርጎርዮስ ልኮት በ597 እንግሊዝ አገር ኬንት ገባ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዊትቢ ገዳም፣ ስሙን ያልነገረን አንድ ጸሐፊ የጎርጎርዮስን ሕይወት ጻፈ። በ731 እንግሊዛዊው መነኩሴና ታሪክ ጸሐፊ ቤዳ ተከተለ። ሮም ራሷ ሙሉ ገድል ያጻፈችለት በ870ዎቹ፣ ከ250 ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ግሪኮች ደግሞ «ንግግሮች» የተባለው መጽሐፉ በቋንቋቸው ከተተረጎመላቸው በኋላ በመጽሐፉ ስም «ዲያሎጎስ» አሉት።

ዝናው ከገነነ በኋላ ያልሠራውም ተጨመረለት። በስሙ የሚጠራው የጎርጎርዮስ ዜማ፣ ማለትም የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ በአብዛኛው ቅርጹን የያዘው እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በፍራንኮች ምድር (በዛሬዎቹ ፈረንሳይና ጀርመን አካባቢ) እንደሆነ ነው የዜማ ታሪክ አጥኚዎች የሚናገሩት።

የጨዋ ቤት ልጅ ነበር፤ የሮም ከተማ አስተዳዳሪነቱን ትቶ ነው የመነኮሰው። ስም ቢፈልግ ኖሮ ገና በወጣትነቱ በእጁ ነበረ። እናንተም እሱን ለማወቅ ስትነሡ ከዊትቢው ውዳሴ አትጀምሩ። መጀመሪያ ለጴጥሮስ የጻፋቸውን አንብቡ፤ የእህሉን፣ የፈረሱን፣ የገበሬውን ጉዳይ።