ይሉኝታችሁን ጀልባው ላይ ተዉት

ልጆቼ፣ ማልዲቭስ ሄደን ዳይቪንግ (አየር የተሞላ ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) እንማር ወይ ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ሂዱ። እኔ ዋና የለመድኩት ጣና ዳር ነው። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ያህል እዚያ ደሴቶች ላይ አስተማሪ ሆኜ ኖሬያለሁ። ማንታ ሬይ የሚባለው ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓሣ ከራሴ በላይ ክንፉን ዘርግቶ ሲያልፍ ዛሬም እንደ ልጅ ፍዝዝ ብዬ አያለሁ።

ሁሌ የምትጠይቁኝ ስለ ሻርክ ነው። አንድም ሻርክ ነክቶኝ አያውቅም። ይሉኝታ ግን ጎድቶኛል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጉንፋን ይዞኛል። እንግዶቹ ልብሳቸውን ለብሰው ጀልባ ላይ ይጠብቁኛል። «ዛሬ አልችልም» ለማለት አፈርኩና ገባሁ። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውኃው ገጽ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጆሮ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ገና መውረድ ስትጀምሩ ነው። ግፊቱን ለማመጣጠን አፍንጫዬን ይዤ ብነፋ ጆሮዬ በጉንፋኑ አልከፈት አለ። መመለስ ነበረብኝ፤ ወረድኩ። 6 ሜትር ገደማ ላይ የጆሮዬ ታምቡር ተቀደደ። ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ነገር ዞረብኝ፤ ላይና ታቹ ጠፋኝ። የራሴ የአየር አረፋ ወዴት እንደሚሄድ አይቼ ነው አቅጣጫዬን የለየሁት። ሁለት ወር ባሕር ሳልገባ ቀረሁ።

በሲሊንደሩ አየር ጉዳይም ይሉኝታ ያው ነው። የማልዲቭስ ሕግ ለመዝናኛ የሚፈቅደው እስከ 30 ሜትር ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ የሲሊንደራችሁ አየር ከውኃው ገጽ በአራት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። በተለይ «ካንዱ» በሚሏቸው፣ ባሕሩ በሪፎች መካከል በሚያልፍባቸው መተላለፊያዎች ውኃው በኃይል ሲፈስ ሰው ያለከልካል። አየሩ እያለቀ «የሌሎቹን ደስታ ላበላሽ ነው» ብሎ ዝም የሚል ወጣት ብዙ አይቻለሁ። ከዚያ ይደነግጥና ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ ይሮጣል። ሳንባው ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ሲቀንስ ይለጠጣል፤ ሳንባን ሊቀድ ይችላል። በፍጹም ትንፋሻችሁን አትያዙ። በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጡ፤ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆዩ። ለጥቂት ቀናት ስትጠልቁ ከሰነበታችሁ ደግሞ አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ።

ውኃ ውስጥ አውራ ጣት ወደ ላይ ማሳየት «እንውጣ» ማለት ነው። ማንም፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይሰጥ ሊያሳይ ይችላል።

አንድ ቀን ደቡብ አሪ በሚባሉት የማልዲቭስ ደሴቶች አካባቢ አንዲት ተማሪዬ 12 ሜትር ላይ አውራ ጣቷን አነሳች። ሁሉም ሊያየው የሚጓጓለት ግዙፉ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ፣ እየመጣ ነበር። ሌሎቹን ለረዳቴ ትቼ አብሬያት ወጣሁ። ጀልባው ላይ «ጋሼ፣ ዝም ብሎ ፍርሃት ፍርሃት አለኝ» አለችኝ። «ይበቃል» አልኳት። ሻይ ቀዳሁላት።