ልኩ የነበረ ሱሪ

ለምትጽፉ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንዲት የድሬ ልጅ የልብ ወለዷን ረቂቅ በፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። ታሪኩ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ዓረብ አገር የሄዱባት ሴት ከ60 ዓመቷ በኋላ ጓደኛ ስለ ማግኘቷ ነው። ልጅቷ ቡናዋን ጠጥታ ስትጨርስ «ጋሼ፣ አንድ ቦታ ላይ ተይዣለሁ» አለችኝ። «ሁለቱ ሰዎች የመጀመሪያው ቀን ምን ይባባላሉ? ወጣቶች ቢሆኑ አይጠፋኝም ነበር።»

የሰጠኋት መልስ የረባ አልነበረም። «ሰው አስተውዪ» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ መልሱን አውቀው ነበርና። ያወቅኩት ደግሞ ሰው በድዬ ነው። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም ይህን ጻፍኩ። ብዙ አንብቡ፣ ደጋግማችሁ ጻፉ የሚለውን እዚህ አታገኙትም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

እኔ 28 ዓመት የሠራሁት ምድር ባቡር ሒሳብ ክፍል ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የሚባለው ሰፈራችንም ያ ሁሉ ቀጥ ያለ ጎዳናም አይኖርም ነበር። አዲስ አበባ እንኳ የገባው በ1909 ነው። ልጅ ሆኜ ቤታችን ሰዓት አልነበረም። እናቴ ምሳ የምትጥደው የሊቶሪናዋን፣ የዚያችን የመንገደኛ ባቡር፣ ፉጨት ሰምታ ነበር፤ ባቡሩ የዘገየ ቀን እኛም ዘግይተን እንበላለን። ዛሬም ፉጨት በሰማሁ ቁጥር ሽሮ ይሸተኛል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ከቀረ በኋላ አንድ ጡረተኛ ባቡር ነጂ ፀሐይ ሲበርድ እየወጣ ከለገሃሩ ፊት ለፊት ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። ሚስቱ ሞታለች፤ አንዲት ልጁ ናዝሬት ናት። እኔ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነበር፤ ስለ አንድ ብቸኛ ሰው። ከሥራ ስወጣ ደብተሬን በኮቴ ኪስ ይዤ አጠገቡ መቀመጥ ጀመርኩ።

ድሬ አንቱታ ብዙም አታውቅም፤ ጋሼ እያልኩ አንተ እለዋለሁ፣ እሱም አቦ ይለኛል። ወሬው ማር ነበር። 784 ኪሎ ሜትሩን ጣቢያ በጣቢያ ያውቀዋል፤ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ሑርሶ። በሌሊት የአዋሽን ድልድይ ሲሻገር የሐዲዱ ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ በአፉ ያሰማኛል። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ መስመሩ ሲቆረጥ ስንት ቀን ያለ ሥራ እንደ ተቀመጠ፣ ከጅቡቲ ሲመለስ ለሚስቱ ሽቶ የት ደብቆ እንደሚያመጣላት፣ ሁሉንም ነገረኝ። ቤቴ ስገባ እጽፈዋለሁ።

ወሬ ከመጀመሩ በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበረች። ከኪሱ የመድኃኒት ካርቶን ያወጣና «ይቺን አንብብልኝ አቦ፤ በቀን ስንቴ ነው የምትለው?» ይለኛል። «ሁለቴ፤ ጠዋትና ማታ።» በማግስቱም ያችኑ ካርቶን። በሳልስቱም። ዓይኑ ፈዟል ብዬ ደመደምኩ፤ ደብተሬ ላይም እንዲሁ ጻፍኩ። መጽሐፌ ውስጥ ብቸኛው ሽማግሌ ዓይኑ ጠፍቶ በጨለማ ቤት ግድግዳ እየዳበሰ የሚሄድበት ሙሉ ምዕራፍ አለ። ያነበቡት ሁሉ አለቀስንበት ያሉኝ ያንን ምዕራፍ ነው።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ካገኙት አንዱ እሱ ነበር። ፈርሜ ሰጠሁት። እሱ ግን እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደና መነጽር አወጣ። ያን ያህል ወር አጠገቡ ስቀመጥ ያንን መነጽር አይቼው አላውቅም። አጠለቀው፤ ገጾቹን ገለጠ፤ ያችን ምዕራፍ አገኛት። እስከ መጨረሻው አነበባት። እኔ የሚያልፉትን ባጃጆች እያየሁ ተቀምጬ ነበር።

«ዓይኔን መቼ አጠፋኸው?» አለኝ። አልተቆጣም። «ሠላሳ ዓመት ሌሊት ለሌሊት ሲግናል ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ።»

የምመልሰው አጣሁ። መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ቆይ እንጂ፣ ሻይ ጠጣ» አለኝ። ከዚያም በኋላ እንኳ እንድቆይለት ፈልጎ ነበር። እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሌላ መንገድ ወደ ቤቴ መግባት ጀመርኩ። መጽሐፉ አልቋል፤ ደብተሩ ሞልቷል፤ በዚያ ላይ ሐፍረቱ። ዛሬ ነገ ስል ልጁ መጥታ ናዝሬት ወሰደችው። ናዝሬት የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ አልሄድኩም። ማረፉን የሰማሁት አርባው ከወጣ በኋላ ነው።

የዛሬ ልጆች አራት ሆናችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጡና አራታችሁም ስልካችሁ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ደግሞ ብቸኝነት ተሰማኝ ብላችሁ ለመናገር የማታፍሩ እናንተ ናችሁ። በእኛ ጊዜ ይህን የሚል ሰው አልነበረም። እኔ የጻፍኩት እንኳ በሌላ ሰው ስም ነው።

ጡረታ ስወጣ ስልኬ ዝም አለ። ከሁለት ወር በኋላ ለለቅሶ ሐረር ወጥቼ ስመለስ የኮቴ ቁልፍ ተበጠሰ። በግንብ በታጠረው በጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ መኪና ግርግር የተባለው በስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ኮቱን ሳላወልቅ ቁልፉን ተከለልኝ። ገንዘብ ስሰጠው አልቀበልም አለ። አመስግኜ ሄድኩ።

በሳምንቱ አንድ ሱሪ በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደንገጎን ወጥተን ሐረማያ ስንደርስ፣ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውኃ ተመልሶበት ሳይ ልጅ ሆነን እዚያ በጭነት መኪና ለሽርሽር የወጣንበት ቀን ትዝ አለኝ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬ ደግሞ ልብስ ሰፊ ሞልቷል። «አሳጥርልኝ» ብዬ ሱሪውን ሰጠሁት። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ ሱሪውን አየ፤ እኔን አየ።

«አቦ፣ ይሄ ልክህ ነው።»

ዝም አልኩ። እሱም አልጠየቀኝም። ዞር ብሎ ለልጁ «ሁለት ሻይ!» ብሎ ተጣራና በርጩማውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋልኝ። ሱሪው እስከ ማታ መኪናው ላይ ተቀመጠ፤ መቀስ አልነካውም። የመድኃኒቷ ካርቶን የገባችኝ ያን ዕለት በርጩማው ላይ ተቀምጬ ነው።

ልጄ፣ ረቂቅሽ ላይ ሁለቱ ሰዎች ቡና እየጠጡ «እኔም እንዳንቺ ብቸኛ ነኝ» የሚባባሉበት ገጽ አለ። አውጪው። በእኛ ዕድሜ እንዲህ የሚል የለም። ለሴትዮዋ የማያስፈልጋትን ነገር አስይዢያትና ወደ ሰው ቤት ላኪያት። ቤቷ ጋዝ ሞልቶ ሳለ ጋዝ ልትዋስ ትሂድ፤ የምታውቀውን መንገድ ትጠይቅ። ሌላው ሰው እንደማያስፈልጋት ይወቅ፤ አውቆም ይስጣት።

ሽማግሌ ዘንድ ደብተር ይዛችሁ አትሂዱ ልላችሁ ነበር የተነሣሁት። ግን ደብተር ባልይዝ ያ የአዋሽ ድልድይ ድምፅ ዛሬ የት ይገኝ ነበር? እሱን የሚያስታውስ ሌላ ሰው አላውቅም። ያዙት እንግዲህ። ሲሞላ ግን ባዶ እጃችሁን ተመልሳችሁ ሂዱ። ዓይኑን ያጠፋሁበትን ምዕራፍ እኔ እስከ ዛሬ ገልጬ ማንበብ አልቻልኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ሐረር ነበርኩ። መሽቶ ስለ ነበር ጓደኛዬ ሥራውን እየጨረሰ ነው። በሩ ላይ ባለችው ጥቂት ብርሃን፣ ያለ መነጽር፣ በአንድ ጊዜ መርፌ ውስጥ ክር አስገባ። ከዚያ መርፌውን አስቀመጠና ከመሳቢያው የውኃ ደረሰኝ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«አንብብልኝ እስቲ አቦ፤ ስንት ነው የሚለው?»

ወደ ብርሃኑ ጠጋ አልኩና ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብዬ አነበብኩለት።