ሙቀት፣ ኦፕቲክስ እና ሞደርን ፊዚክስ፦ የሦስተኛው ሴሚስተር ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምራችሁ ወደ ኢንጂነሪንግ ወይም ፊዚክስ ለመሸጋገር የምትማሩ ብዙዎቻችሁ መካኒክስንና ኤሌክትሪክን ጨርሳችሁ ሦስተኛው ኮርስ ላይ ደርሳችኋል። ከአገር ቤት የጻፉም አሉ። የተላኩት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነዚህ ናቸው። ቀመሮቹን በቃል አስቀምጫቸዋለሁ፤ ወረቀትና ካልኩሌተር ይዛችሁ አብራችሁ ብትሠሩ የበለጠ ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ ይሄ ኮርስ ካለፉት ሁለቱ ይከብዳል? ካልኩለስ ምን ያህል ይፈልጋል?

መልስ፦ ሒሳቡ ከኤሌክትሪኩ ይቀላል። ኢንቲግራል በዋናነት የምታገኙት ጋዝ ሲስፋፋ የሚሠራውን ሥራ ስታሰሉ፣ ኢንትሮፒ ላይ እና ኳንተም ላይ ቅንጣቱ የሚገኝበትን ዕድል ስትፈልጉ ነው። የቀረው በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ያልቃል። የሚከብደው ሦስቱ ክፍሎች እርስ በርስ ብዙም አለመደጋገፋቸው ነው። መካኒክስ ላይ የኒውተንን ሕጎች የያዘ ተማሪ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይሄድባቸዋል፤ እዚህ ግን ሙቀቱን ለመድከው ስትል ብርሃን ይመጣል፣ ብርሃኑን ስትይዝ አንፃራዊነት ይጀመራል። ፈተና ላይ ነጥብ የሚሄደውም አብዛኛውን ጊዜ ቀመር ጠፍቶ አይደለም፤ ቀመሩ የሚሠራበት ሁኔታ ሳይጣራ ቁጥር ስለሚከተት ነው። በረዶው በሙሉ ቀልጧል ወይ? ግፊቱ ከምን ተነስቶ ነው የተለካው? ሰዓቱ ማን ዘንድ ነው ያለው? ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ ማይነስ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ 100 ግራም በረዶ 25 ዲግሪ በሆነ 200 ግራም ውሃ ውስጥ ገባ፤ የመጨረሻው ሙቀት ስንት ነው ይላል። ደጋግሜ ሠራሁት፤ ማይነስ 11.6 ነው የሚወጣው። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ስሌትህ ልክ ነው ወንድሜ፤ ችግሩ መነሻህ ላይ ነው። በረዶው በሙሉ ይቀልጣል ብለህ ጀመርክ፤ ቀመሩም ያልከውን ተቀብሎ ሊሆን የማይችል ቁጥር ሰጠህ። ከሁሉ በፊት በእጅህ ያለውን ገንዘብ ከወጪህ ጋር እንደምታስተያይ አድርገህ ጁሎቹን አስተያያቸው።

ውሃው ከ25 ወደ 0 ሲወርድ የሚሰጠው 0.2 ኪሎግራም በ4,186 (አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ጁል) በ25 ተባዝቶ 20,930 ጁል ነው። በረዶው ከማይነስ 10 ወደ 0 ለመድረስ 0.1 በ2,090 (ለበረዶ ያው ቁጥር) በ10፣ ማለትም 2,090 ጁል ይወስዳል። በሙሉ ለመቅለጥ ደግሞ 0.1 በ334,000 (አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚፈጀው ጁል)፣ 33,400 ጁል ይፈልጋል። ተፈላጊው በድምሩ 35,490፣ ያለው 20,930፤ አይበቃም። ስለዚህ መጨረሻው 0 ዲግሪ ነው። በረዶውን ወደ 0 ካደረሰ በኋላ የተረፈው 18,840 ጁል ለ334,000 ሲካፈል 56.4 ግራም ያቀልጣል፤ 43.6 ግራም በረዶ እንደ በረዶ ይቀራል። ፈተና ላይ «0 ዲግሪ» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ የቀረው በረዶም ይጻፍ።

በረዶው 50 ግራም ቢሆን ኖሮ 17,745 ጁል ይበቃው ነበር፤ የተረፈው 3,185 ጁል ደግሞ 250 ግራሙን ውሃ ወደ 3 ዲግሪ ያደርሰዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት የቀለጠው በረዶ አሁን ውሃ መሆኑን ነው። ቁጥሩ ከ2,090 ወደ 4,186 ይቀየራል፤ የቀለጠውም 50 ግራም ከውሃው ጋር ይደመራል።

ጥያቄ፦ ኬሚስትሪ ላይ የውስጥ ኃይል ለውጥ «ሙቀት ፕላስ ሥራ» ነው፤ የፊዚክሱ መጽሐፍ «ሙቀት ማይነስ ሥራ» ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ኬሚስቶች ሥራ የሚሉት በጋዙ ላይ የተሠራውን ነው፤ ብዙ የፊዚክስ መጻሕፍት ጋዙ ራሱ የሠራውን ነው። ጋዙ 500 ጁል ሙቀት ተቀብሎ ሲስፋፋ 200 ጁል ሥራ ከሠራ፣ በሁለቱም መንገድ የውስጥ ኃይሉ በ300 ጁል ይጨምራል። አሁን የፊዚክስ መጻሕፍትም ስላልተስማሙ ከበይነመረብ የተገኘ መፍትሔ ከማመሳከራችሁ በፊት የእናንተ መምህር የቱን እንደሚከተል እዩ። የግፊትና የቮልዩም ግራፍ ላይ ደግሞ ዑደቱ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ከዞረ ሞተር ነው፤ ሥራ ያወጣል። ምልክት ሲያምታታችሁ በዚህ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የጎማ ግፊት ጥያቄ ላይ ኬልቪን አድርጌም ተሳሳትኩ።

መልስ፦ የጎማ መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የጋዝ ሕግ የሚፈልገው ጠቅላላውን ስለሆነ መጀመሪያ 101.3 ኪሎፓስካል ደምሪ፣ ስሪ፣ መጨረሻ ላይ መልሰሽ ቀንሺ። ኬልቪን ያልቀየሩትም የሚስቱት በትንሹ አይደለም፤ ከ27 ወደ 54 ዲግሪ መሄድ እጥፍ ሳይሆን ከ300 ወደ 327 ኬልቪን፣ 9 በመቶ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምማረው። በፈላ ውሃ የሞቀ አሉሚኒየም ካሎሪሜትር (የሙቀት መለኪያ ዕቃ) ውስጥ ጨምረን ስፔሲፊክ ሂቱን (አንድ ኪሎውን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀውን ጁል) ስንለካ ሁልጊዜ ከመጽሐፉ 900 በጣም ዝቅ ይላል። ሙቀት ስለሚያመልጥ ነው?

መልስ፦ የሚያመልጥም አለ፤ ዋናው ግን ማኑዋሉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመጨረሻው ሙቀት 24 ከሆነ ብረቱ በእርግጥ የወረደው 68 ዲግሪ ነው፤ 100 ብላችሁ ስታሰሉ ግን 76 ይሆናል። 900 በ68 ተባዝቶ ለ76 ሲካፈል 805። አሥር በመቶው ጉድለት እዚያው አለቀ። ቴርሞሜትሩን የፈላው ውሃ ውስጥ የማፍያውን ታች ሳይነካ አንጠልጥሉና ያነበባችሁትን ጻፉ። ከዚያ ብረቱን ስታወጡ አራግፉት፤ ተጣብቆ የሚገባ ጥቂት የፈላ ውሃ ደግሞ ውጤቱን ወደ ላይ ይገፋል።

ጥያቄ፦ ሌንስ ላይ ፕላስና ማይነስ ያምታታኛል። ላቡም (ላቦራቶሪው) ላይ ምስሉ ስክሪኑ ላይ አልወጣልኝም።

መልስ፦ መጀመሪያ ጨረሮቹን በእርሳስ ሣሉ፤ ከዚያ ነው ቀመሩ። ፎካል ርዝመቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ሰብሳቢ ሌንስ እንውሰድ። ዕቃው 15 ላይ ሲሆን አንድ ለ10 ሲቀነስ አንድ ለ15፣ 0.0333 ይሆናል። ስንቱ ተማሪ እዚህ አቁሞ «0.0333 ሴንቲሜትር» ይጽፋል! መገልበጥ አለበት፤ 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ምስሉም የተገለበጠና እጥፍ ነው። ዕቃውን ወደ 6 ሴንቲሜትር ስታቀርቡት መልሱ ማይነስ 15 ይወጣል። ማይነሱ ምስሉ ዕቃው ባለበት ወገን ነው ማለት ነው፤ ቀጥ ያለና 2.5 ጊዜ የጎላ፣ ስክሪን ላይ ግን ፈጽሞ የማያርፍ።

ላብ ላይ ምስል የሚጠፋበት ሌላው ምክንያት ቦታ ማነስ ነው። በዕቃውና በስክሪኑ መካከል ቢያንስ የፎካል ርዝመቱ አራት እጥፍ ያስፈልጋል። 20 ሴንቲሜትር ሌንስ 80 ይፈልጋል፤ የአንድ ሜትር ሐዲድ ይበቃዋል። 30 ሴንቲሜትር ሌንስ ግን 120 ስለሚፈልግ እዚያ ሐዲድ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ብትገፉት ምስል አይገኝም።

ጥያቄ፦ የሁለት ቀዳዳና የአንድ ቀዳዳ ቀመር አንድ ዓይነት ነው፤ ርቀቱ ወይም ስፋቱ በማዕዘኑ ሳይን ተባዝቶ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ይሆናል። እንዴት አንዱ ብሩህ፣ ሌላው ጨለማ ይሰጣል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ፈታኞችም ይወዱታል። የሁለት ቀዳዳው ርቀት በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ነው፤ የመንገዳቸው ልዩነት ሙሉ የሞገድ ርዝመት ሲሆን ሁለቱ ሞገዶች ገጥመው ብሩህ መስመር ይሠራሉ። የአንድ ቀዳዳው ስፋት ግን የቀዳዳው የራሱ ነው። ከዳር እስከ ዳር ያለው ልዩነት አንድ ሙሉ ሞገድ ሲሆን የላይኛው ግማሽ እያንዳንዱ ነጥብ በታችኛው ግማሽ ውስጥ የሚያጠፋውን አቻ ያገኛል፤ ስለዚህ ጨለማ። ቀመሩን ስትጽፉ አጠገቡ «ብሩህ» ወይም «ጨለማ» ብላችሁ አብራችሁ ጻፉ።

ስስ ሽፋን ላይም እንዲሁ ከቀመር በፊት የምትቆጥሩት አለ፦ ብርሃኑ ሲንጸባረቅ ስንት ጊዜ ግማሽ ሞገድ ተገለበጠ? ከሚያስገባው ይልቅ ጥቅጥቅ ካለ ነገር ሲንጸባረቅ ይገለበጣል። የሳሙና አረፋ አየር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል። መስታወት ላይ የተቀባ ማግኒዚየም ፍሎራይድ ግን ሁለቱም ገጾች ላይ ስለሚገለበጥ መገለበጦቹ ተጣፍተው ይቀራሉ። ነጸብራቁን ለማጥፋት የሚበቃው ትንሹ ውፍረት የሞገዱ ርዝመት ለአራት እጥፍ 1.38 (የሽፋኑ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ) ሲካፈል ነው፤ ለ550 ናኖሜትር 100 ናኖሜትር ገደማ።

ጥያቄ፦ በሌዘር የሁለት ቀዳዳ ላብ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። በግሬቲንግ (ብዙ ቀጫጭን መስመሮች በተሰመሩበት ሳህን) ግን 7 በመቶ ስህተት መጣ፤ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያው ደህና ነው። 633 ናኖሜትር ሌዘር፣ ቀዳዳዎቹ በ0.25 ሚሊሜትር የተራራቁ፣ ስክሪኑ 2 ሜትር ላይ ከሆነ መስመሮቹ በ5 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ማዕዘኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሳይንና ታንጀንት እኩል ናቸው ብንል ችግር የለም። (አንዱን ክፍተት ብቻ አትለኩ፤ አሥሩን ለክታችሁ ለአሥር አካፍሉ።) በሚሊሜትር 600 መስመር ያለው ግሬቲንግ ግን የሶዲየምን 589 ናኖሜትር ብርሃን 20.7 ዲግሪ ያጥፈዋል። እዚያ ሳይኑ 0.353፣ ታንጀንቱ 0.378 ነው፤ ያንተ 7 በመቶ ይኸው። ርቀቱን ለርቀት አካፍለህ ማዕዘኑን በአርክታንጀንት አውጣ፣ ከዚያ ሳይኑን ውሰድ።

ጥያቄ፦ ብርሃኑን ባጠነክረው ኤሌክትሮኖቹ ለምን አይፈጥኑም?

መልስ፦ አንድ ኤሌክትሮን የሚቀበለው ከአንድ ፎቶን ብቻ ስለሆነ። ማጠንከር የፎቶኖቹን ብዛት ይጨምራል፤ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ፣ የእያንዳንዱ ትልቁ ጉልበት ግን እንዳለ ይቆያል። አይንስታይን በ1905 ያቀረበው ይህንን ነው፤ የ1921ን የኖቤል ሽልማትም ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው። 1240ን በናኖሜትር ለሚሰጠው የሞገድ ርዝመት ስታካፍሉ የፎቶኑ ጉልበት በኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል። 400 ናኖሜትር 3.10 ይሰጣል፤ ከሶዲየም ለመውጣት 2.28 ይከፈላል፤ የሚተርፈው 0.82 ነው። 600 ናኖሜትር ግን 2.07 ብቻ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢበረታ አንድም አያስወጣም።

ላቡን በሜርኩሪ መብራት ከሠራችሁ ቢጫውና አረንጓዴው መስመር ላይ የየራሳቸውን ማጣሪያ አድርጉ፤ ክፍሉንም አጨልሙ። ያለማጣሪያ አልትራቫዮሌት አብሮ ስለሚገባ የማቆሚያው ቮልቴጅ (ኤሌክትሮኖቹን ሁሉ የሚያስቆመው) ከሚገባው በላይ ይነበብና የግራፉ ተዳፋት ይበላሻል።

ጥያቄ፦ የጊዜ መዘግየትና የርዝመት ማጠር መቼ መቼ ነው?

መልስ፦ በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለቱንም አብሮ መጠቀም ነው የተለመደው ስህተት። ሙዮንን (ቶሎ የሚጠፋ ጥቃቅን ቅንጣት) ውሰዱ፤ ዕድሜው በራሱ ሰዓት 2.2 ማይክሮሰከንድ፣ ፍጥነቱ የብርሃን 0.98 እጅ። ልደቱም ሞቱም እሱ ዘንድ ስለሚሆኑ ትክክለኛው ጊዜ (ፕሮፐር ታይም) የእሱ ነው። መሬት ላይ ቆመን ስናይ ዕድሜው በ5.03 (በዚህ ፍጥነት ጊዜው በሚዘገይበት ብዜት) ተባዝቶ 3,250 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሙዮኑ ዓይን ዕድሜው አልረዘመም፤ ያጠረው አየሩ ነው፣ ያው 3,250 ሜትር 647 ሆኖ ይታየዋል። አንዱን ወገን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው እዚያው ቆዩ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ነው የማስበው። ካልኩለስ ያለበትን ልውሰድ?

መልስ፦ ለብዙ የጤና መስኮች በአልጀብራ የሚሰጠው ይበቃል፤ ለኢንጂነሪንግና ለፊዚክስ ግን ካልኩለስ ያለበት ነው የሚታሰበው። ከመመዝገብሽ በፊት የምትገቢበት ትምህርት ቤት የትኛውን ኮርስ እንደሚቀበል በጽሑፍ አረጋግጪ፤ ኦንላይን ላብ የማይቀበሉም አሉ።

ጥያቄ፦ የኒውክለስ ማሰሪያ ኃይል ላይ መልሴ ሁልጊዜ ትንሽ ይስታል።

መልስ፦ ሁለት ነገር ፈትሽ። አንደኛው ማጠጋጋት ነው። ዲውቴሪየም (አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ያለው ሃይድሮጅን) ላይ የሃይድሮጅን 1.007825 እና የኒውትሮን 1.008665 ተደምረው 2.014102 ሲቀነስ 0.002388 ይቀራል፤ በ931.5 (የአተም ክብደትን ወደ ኃይል የሚቀይረው ቁጥር) ሲባዛ 2.22 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት። ከነጥብ በኋላ ወደ ሦስት አኃዝ ካጠጋጋህ ልዩነቱ 0.003 ሆኖ 2.79 ይወጣል። ትልልቅ ቁጥሮች ተቀናንሰው ትንሽ ሲተርፍ እስከ መጨረሻው አኃዝ ድረስ ያዝ። ሁለተኛው፣ ሰንጠረዡ የሚሰጠው የአተም ክብደት ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ተቆጥረዋል። ስለዚህ ከፕሮቶን ጋር ሳይሆን ከሃይድሮጅን አተም ጋር ነው የሚሠራው፤ ኤሌክትሮኖቹ ያኔ ይጣፋሉ። ሄሊየም ላይ የፕሮቶኑን 1.007276 ከተጠቀምክ ሁለት ኤሌክትሮን ጠፍቶ መልስህ ከ28.3 ወደ 27.3 ይወርዳል።